ውሃው የማን ልጅ ነው?

ከአዲስ አበባ ወጥቶ በሰንዳፋ በኩል ወደ ሰሜን ሸዋ የሚጓዝ ሰው ሁሉ በለገዳዲ አጠገብ ያልፋል፤ ልብ ብሎ የሚያየው ግን ጥቂት ነው። በዚህ ጉዞ አጠገቤ የተቀመጠው ጓደኛዬ የውሃ ኬሚስትሪ ባለሙያ ነው። የታረሰውን ማሳ፣ የተሰማሩትን ከብቶችና አዲስ የተመቱትን የቆርቆሮ ቤቶች በጣቱ እያሳየ «የምትጠጣው ይህን ነው» አለኝ። ሊቀልድ ፈልጎ አይደለም። ግድቡ እ.ኤ.አ. በ1970 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በዚህ አካባቢ የወረደ ዝናብ የየማሳውን ደቃቅ ሸክላ አፈር ተሸክሞ ይገባበታል። ማጣሪያ ጣቢያው አፈሩን በኬሚካል አዘቅጦ፣ ክሎሪን ጨምሮ ወደ ከተማ ይልከዋል። እኛ ከተሜዎች ስለ ውሃው የምናውቀው መምጣቱንና መጥፋቱን፣ ወሩ ሲደርስ ደግሞ ሒሳቡን ነው። ከየት እንደመጣ የጠየቀ የሰፈር ሰው አላስታውስም።

የምንሄደው አንዲት ጥድ ወደምትባል ቦታ ነው፤ ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ጣርማበር ሳይደረስ። ጓደኛዬ እዚያ ባለች አንዲት ትንሽ ተፋሰስ ውስጥ የጅረቱ፣ የምንጩና የጉድጓዱ ውሃ ምን ምን እንደሟሟበት ሊመረምር ነው ሐሳቡ። እኔ የበረዶ ሣጥን ተሸካሚ ሆኜ ተከተልኩት። በመንገድ ላይ ሥራውን እንዲያስረዳኝ ስጠይቀው ቀመር ይነግረኛል ብዬ ስጠብቅ፣ የገጠር ሰላምታን አስታወሰኝ። እንግዳ ሰው ባላገር ዘንድ ሲደርስ ከጤናው ቀጥሎ የሚጠየቀው «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ነው። አባቱን ይናገራል፤ ከዚያ አያቱን፤ ነገሩ የጋብቻ ከሆነ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። «የእኔም ሥራ ይኸው ነው» አለ። «ውሃን ከየት መጣህ፣ በማን ደጅ አለፍህ፣ ምን ያህል ቆየህ ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱን የሚሰጠው በተሸከመው ጨው ነው።»

ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ከመኪና ሲወርዱ ይቀበላል። ብርድ ልብስ በማምረት ስሟ የታወቀ ከተማ ናትና ብርዷን ሳታውቅ አይደለም የተካነችበት። ቁርስ ቤት ገብተን በቅቤ የራሰ የገብስ ቂንጬና ሻይ አዘዝን። ሻዩን ቀምሼ ቅጠሉ ምን ዓይነት እንደሆነ ስጠይቅ ባለቤቷ ሳቀች። «ቅጠሉማ ከእናንተው ከተማ የመጣ ነው፤ የተለየብህ ውሃው ነው» አለችኝ። ጓደኛዬ ከዚህ የተሻለ መግቢያ አልፈለገም። ጠላ ጠማቂዎች ከአንዱ ሰፈር ምንጭ ቀድተው የሌላውን የሚንቁት በከንቱ አይደለም አለ። ብቅሉና ጌሾው አንድ ቢሆንም የሟሟው ካልሲየምና ባይካርቦኔት ጣዕሙን ይለውጠዋል። የአምቦን ውሃ አምቦ ያሰኘው ከመሬት ጥልቀት የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድና፣ ያ ጋዝ ውሃውን አሲዳም አድርጎ ከዐለቱ ያስፈለቀቀው ማዕድን ነው። ስለዚህ ምላሳችን ሳይማር የጂኦሎጂ ፈተና ሲፈተን ኖሯል ማለት ነው።

ከደብረ ብርሃን ወዲያ አገሩ ከፍ እያለ፣ ዛፉ እየሳሳ ይሄዳል። ባህር ዛፍ በየቤቱ ዙሪያ ብቻ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ ገብስ፣ በግ፣ ድንጋይ፣ እንደገና ገብስ ነው። ቤቶቹ በድንጋይ የተካቡ ናቸው። ከምሥራቅ በኩል፣ መሬቱ ወደ ስምጥ ሸለቆ ከሚዘቀዝቅበት አፋፍ፣ ጉም እየተነሣ በማሳው ላይ ይጎተታል። ከገብሱ በላይ ጓሳ አለ፤ ከጓሳው መካከል ጅብራ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እኔ ከለመድኩት የሸዋ ሜዳ ጋር ሳስተያየው ሌላ አገር የገባሁ መሰለኝ። ነፋሱ ጋቢ ያስደርባል፤ ፀሐይዋ ግን ፊት ታቃጥላለች።

አንዲት ጥድ በአፈርና ውሃ ሰዎች ዘንድ ከስፋቷ በላይ ስም ያላት ቦታ ናት። እ.ኤ.አ. በ1981 የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ሲጀምሩ የመጀመሪያውን ጣቢያ በወሎ ማይባር ተከሉ። አንዲት ጥድ በ1982 ተከተለች፤ በጎጃም አንጀኒ፣ በሌሎቹም አካባቢዎች ጉኑኖ፣ ሁንዴ ላፍቶ፣ ዲዚ፣ በኤርትራም አፍደዩ ተጨመሩ። የአንዲት ጥዷ ተፋሰስ ስፋት 477 ሄክታር ነው። የታችኛው ጫፏ ከባሕር ወለል በላይ 3,040 ሜትር፣ የላይኛው 3,548 ሜትር ላይ ይገኛል። ጠዋት ከግርጌ የተነሣ ሰው ከሰዓት በኋላ ራስጌዋ ላይ ይደርሳል። ሳይንቲስቶች ትንሽ ተፋሰስ የሚወዱት ለዚህ ነው፤ ዝናቡ በአንድ በኩል ይገባል፣ ወንዙ በአንድ በር ይወጣል፤ በመካከል የሆነውን ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ መቁጠር ይቻላል።

በሩ ላይ፣ ሁለት ወንዝ ከሚባለው ጅረት መውጫ አጠገብ፣ አንድ አዛውንት አገኘን። ጋቢያቸውን አፋቸው ድረስ ተከናንበው፣ ጠርሙሶቻችንን በፈገግታ ያያሉ። «ጠርሙስ ብርቅ አይደለም እዚህ» አሉን። በጣቢያው የሥራ ልማድ ጅረቱ በዝናብ ሲደፈርስ በየ10 ደቂቃው አንድ ሊትር ውሃ ይቀዳል፤ ሌሊትም ቢሆን። ቀጂዎቹ የአካባቢው ሰዎች ናቸው። «ጎርፍ ሲመጣ ሰው ወደ ቤት ሲሮጥ፣ እነሱ ወደ ወንዝ ይሮጡ ነበር» አሉ አዛውንቱ። «ውሃው ሲደፈርስ ነው የሚፈለግ፤ ሲጠራ የሚጠራቸው የለም።»

ጓደኛዬ የመጣው ግን ለጠራው ነው። ደፍራሹ ውሃ አፈር ተሸክሞ መሄዱን ማንም ያያል፤ ለዚህም ነው በዚያች ጣቢያ ብዙ ዐሥርት ዓመታት የተለፋበት፣ በየዳገቱም እርከን የተሠራው። የጠራው ውሃ የሚሸከመው ደግሞ ለዓይን አይታይም። ካልሲየም፣ ማግኒዥየም፣ ሶዲየም፣ ባይካርቦኔት፣ ሲሊካ፣ ናይትሬት ሁሉም በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ሆነው ብርጭቆው ንጹሕ ይመስላል። እኔ ባደግሁበት ሰፈር የውሃ ጥሩነት መለኪያው መጥራቱ ነበር፤ ብርጭቆ ወደ ብርሃን አንሥቶ ማየት። እዚህ ያየሁት ያ መለኪያ የሚመልሰው ከብዙዎቹ ጥያቄዎች አንዱን ብቻ እንደሆነ ነው። ደፍራሽ ውሃ ቢያንስ ጉዱን አይደብቅም።

የናሙና አወሳሰዱ ሥርዓት አለው። ጠርሙሱ በዚያው በሚቀዳው ውሃ ሦስት ጊዜ ይለቀለቃል። ውሃው ቀዳዳው 0.45 ማይክሮን በሆነ ማጣሪያ ያልፋል። አንዱ ጠርሙስ ላይ ጥቂት ናይትሪክ አሲድ ይጨመራል፤ ካልሆነ ብረታ ብረቱ ላቦራቶሪ ሳይደርስ ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ናይትሬት የሚለካበት ጠርሙስ ግን አሲዱ አይነካውም፤ በናይትሪክ አሲድ ውስጥ ያለው ናይትሬት ነውና። ሙቀቱ፣ ፒኤቹና ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ዐቅሙ እዚያው ይለካል። ከመሬት ሆድ የወጣ ውሃ ያመቀውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለአየር ስለሚለቅ ፒኤቹ በደቂቃዎች ውስጥ ይቀየራል። ጓደኛዬ ምንጩ አፍ ላይ ተንበርክኮ ሲለካ ያየ ሕፃን «እየሰገደ ነው?» ብሎ ጓደኛውን ጠየቀው።

ከመውጫው ትንሽ ሽቅብ ሁለት ገባሮች ከሚገናኙበት ደረስን። መለኪያው በአንዱ ገባር ዝቅ ያለ፣ በሌላው ከፍ ያለ ቁጥር አሳየ፤ ከተቀላቀሉ በኋላ ያለው በመካከል ሆነ። ለእኔ የሚጠበቅ ነገር ነበር፤ ለጓደኛዬ ግን ቁልፍ ነው። እንበል አንዱ ገባር 100፣ ሌላው 200 ቢያሳይ፣ ድብልቁም 150 ቢሆን ሁለቱ እኩል ውሃ አዋጥተዋል ማለት ነው፤ ድብልቁ 120 ቢሆን ደግሞ ከአምስቱ እጅ አራቱ የመጣው ከመጀመሪያው ነው። ማንም የውሃውን መጠን ሳይሰፍር የየአንዱ ድርሻ ይታወቃል። በዚህ መንገድ ሽቅብ እየወጡ፣ በየመገናኛው እየቆሙ፣ አንድን ወንዝ እስከ ትንንሽ አባቶቹ ድረስ መቁጠር ይቻላል። የአዲስ አበባው ቀበና ትዝ አለኝ። እሱም ሌሎች ጅረቶችን እያገኘ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም የአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ ወደተሠራበት ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል። በመንገዱ የመጸዳጃውን፣ የጋራዡንና የፋብሪካውን ፍሳሽ ይቀበላል፤ ከታች በዚያው ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል። ሰላጣው ተመልሶ ወደ እኛው ገበያ ይመጣል። እዚያ በየመገናኛው ቆሞ ማን ምን እንዳዋጣ የሚጠይቅ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም።

ከመገናኛው በላይ ረግረጋማ ጨፌ አለ፤ በጎች ይግጡበታል፤ የረገጥንበት ሁሉ ውሃ ያቁር ነበር። አዛውንቱ ሳንጠራቸው ተከትለውን ኖሯል፣ ዱላቸውን ጨፌው ላይ ተከሉና «ጎርፉ የሚነሣው ከዚህ ነው» አሉን። እኔ ጎርፍ የዳገት ልጅ ይመስለኝ ነበር። ጓደኛዬ ግን በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። በእነዚህ ደጋማ ተፋሰሶች የተደረጉ ጥናቶችም የሚሉት ይህንኑ ነው። አፈሩ ያልተራቆተ ዳገት አብዛኛውን ዝናብ ይጠጣዋል፤ የጠጣውን ከሥር ለሥር ወደ ግርጌ ይልከዋል። ግርጌው እስኪጠግብ ጠግቦ ተጨማሪ ጠብታ ሲወርድበት የሚይዝበት ስለሌለው ይለቀዋል። ከጨፌው ሌላ ጎርፍ የሚያመነጨው አፈሩ አልቆ ዐለቱ የቀረበበት የተራቆተ መሬት ነው። ባላገሩ ይህን የሚያውቀው ልኬት ወስዶ አይደለም፤ በየክረምቱ በሬው የሚሰምጥበትን ቦታ ስለሚያውቅ ነው።

ነገሩ ለኬሚስትሪውም ትርጉም አለው። ዝናብ ጥሎ ወንዙ ሲሞላ የሚፈሰው ሁሉ የዛሬው ዝናብ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ በብዙ እርጥብ አገሮች በተደረጉ የአይሶቶፕ ምርመራዎች ከጎርፉ ውስጥ ብዙው መሬት ውስጥ ቆይቶ የነበረ፣ አዲሱ ዝናብ ገፍቶ ያስወጣው አሮጌ ውሃ ሆኖ ተገኝቷል። የአሮጌነቱ ምልክት ሲሊካው ነው፤ ዝናብ ሲሊካ የለውም፤ ከዐለት ጋር የቆየ ውሃ ብቻ ነው የሚኖረው። ለዓመታት የቆየውን ለማወቅ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። ኃያላኑ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአየር ላይ ያፈነዱት የሃይድሮጂን ቦምብ የዓለምን ዝናብ በትሪቲየም በክሎት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ገደማ ከፍተኛው ላይ ደረሰ። ትሪቲየም በየ12.3 ዓመቱ በግማሽ ስለሚቀንስ በጉድጓድ ውሃ ውስጥ ያለው መጠን ውሃው መሬት የገባበትን ዘመን ይጠቁማል። የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ የዝናብ አይሶቶፕ መዝገብ ከጀመረባቸው ቦታዎች አንዷ አዲስ አበባ ናት። የእኛ ከተማ ዝናብ፣ ቧንቧችንን የማይጠይቅ ሰው በሚኖርባት ከተማ የሚዘንበው ዝናብ፣ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በዓለም አቀፍ መዝገብ ሲሰፍር ኖሯል። ፓስፊክ ውቅያኖስ ወይም ሰሜን ዋልታ አካባቢ የተፈጸመ ነገር በሸዋ ምንጭ ውስጥ መነበቡ ደግሞ ለብቻው የሚያስገርም ነው፤ የዘር ሐረጉ እኛ ከምናስበው ይረዝማል።

ከጨፌው ጎን አንዲት ምንጭ አለች፤ አፏ በድንጋይ ተክቧል። ከእሷ ጥቂት ወረድ ብሎ የእጅ ፓምፕ የተተከለበት ጉድጓድ ይታያል። ቢጫ ጀሪካን ይዘው የመጡ እናት ፓምፑን አልፈው ወደ ምንጩ ሲሄዱ ጓደኛዬ «እትዬ፣ ፓምፑ ተበላሽቶ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። «ኧረ ደህና ነው፤ ያ ለከብትና ለእግር መታጠቢያ ነው» አሉ። ምክንያታቸውን ሲናገሩ ቅሬታ የለበትም። «ባቄላ አያበስልም። ሳሙና ይጨርሳል። ይኼኛው ግን ወዲያው ያረፋል፣ ወጡም ቶሎ ይደርሳል።»

ጓደኛዬ ሁለቱንም ለካ። የጉድጓዱ ውሃ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ዐቅሙ ከምንጩ ጉልህ ብሎ ይበልጣል፤ በጠብታ የሚለካው የካልሲየምና የማግኒዥየም መጠንም እንዲሁ። ከዐለቱ ጋር ረዘም ላለ ጊዜ የቆየው እሱ ነው። ዐለቱ ደግሞ ባዛልት ነው፤ የአገራችን ጂኦሎጂስቶች ከዚህ አለፍ ብሎ ባለው በር ስም ጣርማበር ባዛልት የሚሉት፣ ሚሊዮን ዓመታት ያስቆጠረ የእሳተ ገሞራ ንጣፍ። ዝናብ ከሰማይ ሲወርድ ከአየሩ በሚያገኘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተነሣ ፒኤቹ 5.6 ገደማ ነው፤ አፈር ውስጥ ሲገባ የሥሮችና የረቂቃን ነፍሳት ትንፋሽ ይበልጥ አሲዳም ያደርገዋል። ያ ለስላሳ አሲድ ባዛልቱን ቀስ እያለ ይበላና ካልሲየምና ማግኒዥየም ያወጣለታል። ካልሲየሙ ባቄላው ልጣጭ ውስጥ ካለው ፔክቲን ጋር ይጣበቅና እንዳይለሰልስ ያደርገዋል፤ ከሳሙና ጋር ተገናኝቶም አረፋ ሳይሆን ነጭ ዝቃጭ ይሆናል። በዚያ ላይ በ3,000 ሜትር ከፍታ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ባቄላው ከመጀመሪያውም ዕድለ ቢስ ነው። ማገዶው ደግሞ ኩበት ነው። ማሳውን ሊያዳብር ይችል የነበረው ኩበት ባቄላ ለማብሰል ተጨማሪ ሰዓት ይነዳል።

ከተማ ሆኜ ስሰማ የኖርኩት ሌላ ነበር። ሕዝቡ ንጹሕ ጉድጓድ ተቆፍሮለት ወደ ምንጩ የሚመለሰው ባለማወቅ ነው፣ ማስተማር ያስፈልጋል ይባላል። እኚህ እናት ግን የሚያውቁትን ሲነግሩን የላቦራቶሪ ሪፖርት ሊሆን ምንም አልጎደለውም። የጎደለው ሌላው ግማሽ ነው፤ ምንጩ ለባክቴሪያ ክፍት ነው፣ ጉድጓዱ ግን በአብዛኛው የተሻለ የተከለለ ነው። ስለ ጤና የሚመክረው ሰው ስለ ኩበቱ አያነሣም፤ ስለ ኩበቱ የሚጨነቁት እናት ባክቴሪያውን አያዩትም። የሁለቱ ዕውቀት አንድ ማዕድ ላይ ቢቀርብ ምክሩ «ለመጠጥ ከዚህ፣ ለወጥ ከዚያ» የሚል ይሆን ነበር።

ወንዝ ዳር የሚሠራ ሰው ሥራ ትልቅ ዕውቀት ሊሰጥ እንደሚችል የአገራችን ታሪክ ራሱ ምስክር ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈው አየ። ከላይ በኩል ያሉት ግን በሕይወት ነበሩ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያ ተሸካሚዎች ስለነበሩ እንዶድ በሽታውን ለመከላከል የሚያገለግል መሆኑ በዚያ ታወቀ፤ ከዓመታት በኋላም በ1989 እሱና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ግኝቱ ያረፈው በአንድ ቀላል ጥያቄ ላይ ነበር፤ ከልብስ አጣቢዎቹ በላይና በታች ያለው ውሃ ለምን ተለያየ? የተፋሰስ ናሙና ማለት ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ወደ ራስጌው ስንወጣ በጥድና በኮሶ ዛፍ የተከበበ ቤተ ክርስቲያን አገኘን። ከቅጥሩ ውስጥ ጸበል አለ። ጸበሉ ለጓደኛዬ አንድ የናሙና ነጥብ ይሆነው ነበር፤ ነገር ግን እሱ ጫማውን አውልቆ፣ ጠርሙሱን ሣጥን ውስጥ ትቶ ነው የገባው። ቄሱ ስለ ሥራው በሙሉ ትዕግሥት ጠይቀው ካዳመጡ በኋላ «ምን ልታገኙበት ነው?» አሉ። ጓደኛዬ «የሟሟውን ማዕድን ብቻ ነው አባ፤ ሌላው የእኔ ሙያ አይደለም» ብሎ መለሰ። ቄሱ ጥቂት ዝም ብለው ቆይተው ከቅጥሩ በታች ውሃው ወደሚወጣበት ጠቆሙን። «ከአጥሩ ውስጥ እስካለ ድረስ የእሷ ነው» አሉ፤ ታቦቷን ማለታቸው ነው፤ «ከአጥሩ ከወጣ በኋላ የሁላችሁም ነው። ከዚያ ቅዱ።» በውሃ ላይ የሚደረግ ክርክር ሁሉ እንዲህ ባጭሩ ቢፈታ ብዬ ተመኘሁ። የደኑን ጥላ የጠበቀው ሃይማኖት ነው፤ በዚያ ጥላ ሥር የሚወርደው ውሃ ግን የሚጠቅመው ታች ያለውን ሁሉ ነው።

ሳይመሽ፣ ገና ፀሐይ ሳለ፣ አፋፉን ለማየት እስከ ጣርማበር ዘለቅን። ጣሊያን የቆፈረው፣ ሕዝቡ እስከ ዛሬ በሙሶሎኒ ስም የሚጠራው ዋሻ እዚያ ነው። ከአፋፉ ላይ ቆሞ ወደ ምዕራብ የሚያይ ሰው ውሃው በጀማ በኩል ወደ ዓባይ፣ ከዚያም እስከ ሜዲትራኒያን የሚወርድበትን አገር ያያል። ወደ ምሥራቅ የወደቀው ጠብታ አዋሽን ይከተላል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ አፋር በረሃ ውስጥ ሐይቆችን አልፎ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ያመጣው ጨው ሁሉ እዚያ ይቀራል፤ ውሃው ብቻ ይተናል። ታች በስምጥ ሸለቆው ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በእሳተ ገሞራ አመድና በፑሚስ ውስጥ የሚያልፈው የከርሰ ምድር ውሃ ካልሲየሙን አዝቅጦ ሶዲየሙን ይይዛል። ፍሎራይድን ሊይዝ ይችል የነበረው ካልሲየም ሲጠፋ ፍሎራይዱ ልቅ ይሆናል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊግራም በሊትር ጣሪያ በብዙ ቦታ ያልፋል። የብዙ ልጆች ጥርስ የሚበልዘው፣ ከፍ ሲልም አጥንት የሚጎብጠው በዚህ ነው። ውሃው ግን ጠርቶ ነው የሚቀዳው። እላይ ባቄላ አላበስል ብሎ የሚከሰሰው ካልሲየም፣ እታች ቢኖር ኖሮ ጥርስ ያድን ነበር። አንድን ንጥረ ነገር ብቻውን መልካም ወይም ክፉ ማለት እንደማይቻል የተማርኩት እዚህ አፋፍ ላይ ነው።

ስንመለስ የምንጯ እናት በራቸው ላይ ጠበቁን። የገብስ ጠላ ቀዱልን፤ ቆሎና በሶ አቀረቡ። ጠላው የተጠመቀው በምንጩ ውሃ መሆኑን ለመናገር አልዘገዩም። ከዚያ ቀጥለው ጓደኛዬን «በል እንግዲህ፤ ምንጬ ምን አለችህ?» አሉት። ናሙና ወሳጅ ብዙ ጊዜ ይህን ጥያቄ አይጠየቅም፤ ወይም ሳይጠየቅ ይሄዳል። ጠርሙሱ ወደ ከተማ፣ ውጤቱ ወደ መጽሔት ይወርዳል፤ ወደ ዳገቱ የሚመለስ ወሬ ጥቂት ነው። ጓደኛዬ ያለውን ነገራቸው። ልስላሴዋን መለኪያው መስክሮላታል። ስለ ባክቴሪያ ላቦራቶሪ ሳይገባ መናገር አይቻልም፤ ስለዚህ ለልጆች የሚሰጠው ይፈላ። አንድ ነገር ግን እዚያው ታይቷል። የናይትሬት መለኪያ ወረቀቱ በጉድጓዱ ውሃ ነጭ እንደሆነ ቀርቷል፤ በምንጯ ውሃ ሐምራዊ ጥላ ይዟል። ከተፈቀደው 50 ሚሊግራም በሊትር የሚቀርብ አይደለም፤ ሆኖም ከላይ የሚመጣ ነገር አለ ማለት ነው፤ ወይ ማዳበሪያ፣ ወይ ፍግ።

እናቲቱ ወረቀቱን አላዩም፤ ቀና ብለው ዳገቱን አዩ። «የበረቱ ነው» አሉ። ከምንጯ በላይ ያለው በረት የባላቸው ወንድም ነው። ክረምት ክረምት ፍጉ ይጠራቀማል፤ በዝናብ ይሰርጋል። ጓደኛዬ መፍትሔው ቀላል እንደሆነ ሊያስረዳ ሞከረ፤ በረቱን ወደ ጎን ማዛወር፣ ፍጉን ከምንጯ ሥር በታች ወዳለው ማሳ መውሰድ፣ ከምንጯ በላይ ያለውን ቦታ በሣር መከለል። «ለአንተ ቀላል ነው ልጄ» አሉት እናቲቱ። «እኔ ብናገረው መሬቴን ልትወስድ ነው ይላል። ባለቤቴ ቢናገር ወንድማማች ይጣላሉ። አንተ ብትናገር ደግሞ የመንግሥት ሰው መጣብኝ ይላል።»

ከእነዚህ ሦስቱ የትኛውም የኬሚስትሪ ችግር አይደለም። የምንጯ ጤና ያለው ከባለቤቷ አጥር ውጭ ነው፤ የዳገቱም ሰው በረቱን ሲሠራ ታች ያለውን ምንጭ አስቦ ነው ብሎ መጠርጠር አይቻልም። የውሃውን ዘር መቁጠር በመጨረሻ ያደረሰን ሰዎቹ ራሳቸው እስከተዛመዱበት ቤት ነው። ጠዋት የተከተሉን አዛውንት ጠላቸውን አስቀምጠው «ይህ የእኔ ሥራ ነው» አሉ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወንድሙን ለብቻው እንደሚያነጋግሩት፣ ሁለት ሽማግሌ እንደሚጨምሩ፣ ወረቀቱንም ይዘው እንደሚሄዱ ነገሩን። ወረቀቱን ለማስረጃ ሳይሆን፣ ነገሩ ከሴትየዋ አንደበት አለመምጣቱን ለማሳየት። ጓደኛዬ ሐምራዊውን ወረቀት በፕላስቲክ ጠቅልሎ ሰጣቸውና ላቦራቶሪው የሚያወጣውን ቀሪ ውጤት በአማርኛ ጽፎ በሽማግሌው በኩል እንደሚልክ ቃል ገባ። ከዚያ በላይ ሊያደርግ የሚችለው አልነበረም፤ የቀረው የሽምግልና ነው።